ድምፅ ሲጠፋና ራም ሲሞላ፦ ላፕቶፑን ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ላፕቶፑ ድምፅ የለውም። ወይም ድምፅ አለው፣ ግን ምንም ሳይከፈት ራሙ (የተከፈተ ፕሮግራም የሚሠራበት ጊዜያዊ ማኅደር) 80 እና 90 በመቶ ሞልቷል። ብዙ ሰው ጋ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣሉ። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬም ሆነ ሞጣ መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ።» ፎርማት ይደረጋል። ድምፁ ለጥቂት ቀን ይመጣና ተመልሶ ይጠፋል። ማሽኑም ከበፊቱ ብሶ ይንቀረፈፋል።

ምክንያቱ ይኼ ነው። ፎርማት የሚያደርገው ሰው ብዙ ጊዜ ለሁሉም ላፕቶፕ የሚሆን የድራይቨር (ዊንዶውስ የላፕቶፑን ክፍሎች እንዲያሠራ የሚያስችል ፕሮግራም) ጥቅል በፍላሽ ይዞ ነው የሚሠራው። ጥቅሉ የሚመርጠው የድምፅ ድራይቨር ለእናንተ ሞዴል የተሠራ ላይሆን ይችላል። ከሱ ጋር ማንም ያልጠየቀው ፕሮግራምም ይገባል። ድራይቨሩ ድምፁን ያበላሻል፣ አብሮት የገባው ራሙን ይበላል።

ሌላም የሚያገናኛቸው ነገር አለ። ከድምፅ ድራይቨር ጋር የሚመጡ የድምፅ ማሳመሪያ ፕሮግራሞች አንዳንዴ የወሰዱትን ራም አይመልሱም። ድምፅ በተከፈተ ቁጥር ይጨምራሉ እንጂ አይቀንሱም። ስለዚህ ሁለቱን ችግሮች ለየብቻ ከማሳደድ አብሮ መፍታት ይሻላል።

መመሪያው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። የሜኑዎቹን ስም ስክሪን ላይ እንደሚነበቡት ጽፌያቸዋለሁ። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። የብዙ ሰው ሥራ የሚበላሸው አዲሱን ድራይቨር በእጁ ሳይዝ አሮጌውን ስለሚያጠፋ ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

መብራት። ባትሪው ቢያንስ ግማሽ እስኪሞላ ቻርጅ አድርጉ፤ ስትሠሩም ቻርጀሩ ይሰካ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ባትሪው የሞተ ከሆነ ዩፒኤስ ፈልጉ፣ ወይም መብራት እየሄደ በሚመጣበት ሰዓት አትሥሩ። ድራይቨር በመጫን ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ይስተካከላል። ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) በማደስ ላይ እያለ ቢጠፋ ግን ላፕቶፑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ለድምፅ ብላችሁ ባዮስ አታድሱ።

ፋይል። ዶክመንት፣ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ያላችሁን ሁሉ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ይኼን ሥራ በትክክል ከሠራችሁት ፋይል አይነካም። ቢሆንም ሳትገለብጡ አትጀምሩ።

መመለሻ ነጥብ። ስታርት ላይ «ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት» ብላችሁ ፈልጉ። በሚከፈተው መስኮት ሲ ድራይቭ ላይ ፕሮቴክሽን «ኦፍ» የሚል ከሆነ «ኮንፊገር» ገብታችሁ አብሩት። ከዚያ «ክሪኤት» በሉና ስም ስጡት። ነገር ከተበላሸ ወደዚህ ቀን ትመለሳላችሁ።

ቢትሎከር። አንዳንድ ላፕቶፖች ሃርድ ዲስካቸው በቢትሎከር ተቆልፏል። ባዮስ ሲነካ ወይም ወደ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ድራይቨሮች ብቻ የሚነሳበት አሠራር) ሲገባ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቁ ይችላሉ። ስታርት ላይ «ማኔጅ ቢትሎከር» ብላችሁ ፈልጉ። «ኦን» የሚል ከሆነ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ይኼን ቁጥር ያጣ ሰው ፋይሉንም አጣ ማለት ነው።

ሞዴል። ኤችፒ ወይም ዴል መሆኑን ማወቅ አይበቃም። ሙሉ ሞዴሉን ያዙ። ዴል ከሆነ ከሥሩ ያለውን ባለ 7 ምልክት ሰርቪስ ታግ ጻፉ። ኤችፒ ከሆነ ኤፍኤን እና ኢስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ፤ በብዙዎቹ ላይ ሞዴሉንና የፕሮዳክት ቁጥሩን የያዘ መስኮት ይመጣል። ሌኖቮ ከሆነ ከሥሩ የተለጠፈውን ቁጥር አንብቡ። ጽሑፉ ከጠፋ ስታርት ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ፈልጋችሁ «ሲስተም ሞዴል» የሚለውን መስመር እዩ።

የዊንዶውሱ ዓይነት። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ግቡ። «ሲስተም ታይፕ» ላይ 64 ቢት ወይም 32 ቢት ይላል። ይኼን ከሞዴሉ አጠገብ ጻፉት። 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ 32 ቢት ዊንዶውስ ከተጫነ ዊንዶውሱ ከ4 ጊጋ በላይ መጠቀም አይችልም። ከ32 ወደ 64 ለመሻገር ደግሞ እንደገና ከመጫን ሌላ መንገድ የለም። ፎርማት በእርግጥ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

## ደረጃ 1፦ ድራይቨሩን ሳትነኩ የምታዩት

1. ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጉ። ሻት ዳውን አድርጎ መክፈት ከሪስታርት እኩል አይደለም። ዊንዶውስ «ፋስት ስታርታፕ» የሚል አሠራር አለው፤ ሻት ዳውን ስትሉት የውስጡን ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ስትከፍቱት ያንኑ ይመልሰዋል። የተበላሸው ድራይቨርና የያዘው ራምም አብረው ይመለሳሉ። «በየቀኑ እዘጋዋለሁ፣ ግን አልተሻለውም» የሚባለው ለዚህ ነው። ሪስታርት ሲደረግ ሁሉም ከአዲስ ይጀምራል።

2. የድምፅ መዝጊያ ቁልፉን እዩ። በብዙ ኤችፒ እና ሌኖቮ ላይ ድምፅ ሲዘጋ ቁልፉ ላይ ትንሽ መብራት ትበራለች።

3. ሰዓቱ አጠገብ ካለው የድምፅ ምልክት ላይ ድምፁ በየት እንዲወጣ እንደተመረጠ እዩ። ቴሌቪዥን ወይም ፕሮጀክተር በኤችዲኤምአይ ተሰክቶ ከነበረ ድምፁ ወደዚያ ሄዶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ብሉቱዝ ስፒከርም እንዲሁ ያደርጋል። «ስፒከርስ» የሚለውን ምረጡ።

4. ኢርፎን ሰክታችሁ ንቀሉ። ምንም ሳይሰካ «ሄድፎንስ» እያለ ከቀረ መሰኪያው ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል ወይም ተበላሽቷል። ችግሩ ድራይቨር ስላልሆነ መጨረሻ ላይ ወዳለው ስለ ሃርድዌር ወደሚያወራው ክፍል እለፉ።

## ደረጃ 2፦ ራሙን ለኩ

ሳትለኩ ምንም አታጥፉ። ሪስታርት ካደረጋችሁ በኋላ 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ ዊንዶውስ ሲነሳ የሚሠራቸውን ይጨርስ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማኔጀር ይከፈታል።

«ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሜሞሪ»ን ክፈቱ። ሦስት ነገር ጻፉ።

የመጀመሪያው በመቶኛው ነው። 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ምንም ሳይከፈት ከ60 እስከ 70 በመቶ ቢያሳይ ብልሽት አይደለም። ዊንዶውስ 11 ራሱ በትንሹ የሚጠይቀው 4 ጊጋ ነው። 8 ጊጋ ያለው ላፕቶፕ ምንም ሳይከፈት ከ70 በላይ ካለ ግን የሚፈለግ ነገር አለ።

ሁለተኛው ከታች «ኖን ፔጅድ ፑል» የሚለው ቁጥር ነው። ይኼን የሚያየው ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜ የማየው እሱን ነው። ድራይቨሮች የሚይዙት ራም እዚያ ይቆጠራል። በደህና ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው። ከ1 ጊጋ ካለፈና ሰዓት በሄደ ቁጥር ከጨመረ ራሙን የሚያፈሰው፣ ማለትም ወስዶ የማይመልሰው፣ ድራይቨር ነው። ታስክ ማኔጀር ላይ ፕሮግራም ብትዘጉ አይቀንስም፤ የፕሮግራሞቹ ዝርዝርም ጥፋተኛውን አያሳያችሁም። ብዙዎች «ራሙ ሞልቷል፣ ግን የሚበላው ነገር አይታይም» የሚሉት ይኼን ነው።

ሦስተኛው «ስሎትስ ዩዝድ» ነው። 1 ከ2 የሚል ከሆነ ሌላ ራም የሚሰካበት ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ «ፕሮሰስስ» ተመለሱና «ሜሞሪ» የሚለውን ርእስ ክሊክ አድርጉ። ትልቁ ወደ ላይ ይወጣል። እነዚህን ፈልጉ፦

- «ዊንዶውስ ኦዲዮ ዲቫይስ ግራፍ አይሶሌሽን»። የዊንዶውስ የራሱ ነው፤ ቫይረስ አይደለም። የድምፅ ማሳመሪያዎች የሚሠሩት በውስጡ ነው። በጥቂት አሥር ሜጋባይት ሊወሰን ይገባል።
- «ሪልቴክ»፣ «ዌቭስ»፣ «ማክስኦዲዮ»፣ «ናሂሚክ»፣ «ዶልቢ»፣ «ዲቲኤስ» የሚል ስም ያላቸው። እነዚህ ከላፕቶፑ አምራች የመጡ ናቸው።

የእያንዳንዱን መጠን ጻፉ። ከዚያ ድምፁ የሚሠራ ከሆነ ግማሽ ሰዓት የሚሆን መዝሙር ወይም ትምህርት ክፈቱና ተመልሳችሁ እዩ። ሲጨምር ቆይቶ ካቆማችሁትም በኋላ ካልወረደ ጥፋተኛውን አግኝታችኋል።

## ደረጃ 3፦ ዲቫይስ ማኔጀር የሚለውን አንብቡ

ስታርት ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱ። «ሳውንድ፣ ቪዲዮ ኤንድ ጌም ኮንትሮለርስ» የሚለውን ዘርጉ።

እዚያ ያለውን ስም ጻፉ። «ኢንቴል ዲስፕሌይ ኦዲዮ» ብቻ ካለ እሱ የኤችዲኤምአይ ድምፅ ነው፤ የስፒከሩ ድራይቨር የለም ማለት ነው። ቢጫ ምልክት ካለ ሁለቴ ክሊክ አድርጉና «ዲቫይስ ስታተስ» ውስጥ ያለውን ኮድ አንብቡ።

- ኮድ 22፦ ተዘግቷል። ቀኝ ክሊክ፣ «ኢኔብል ዲቫይስ»። ሥራው ይኼው ነው።
- ኮድ 28፦ ድራይቨር የለውም። ወደ ደረጃ 5።
- ኮድ 10፦ ድራይቨር አለው፣ ግን መነሳት አልቻለም። አብዛኛውን ጊዜ የማይገጥም ድራይቨር ነው። ወደ ደረጃ 5።
- ኮድ 39፦ የድራይቨሩ ፋይል ተበላሽቷል ወይም የለም። ወደ ደረጃ 5።

ችግሩ የጀመረው ከዊንዶውስ አፕዴት በኋላ ከሆነ ሌላ ከመሞከራችሁ በፊት «ድራይቨር» ወደሚለው ገጽ ግቡና «ሮል ባክ ድራይቨር» በሉ። ቁልፉ ከደበዘዘ የሚመለስበት አሮጌ የለም።

«አዘር ዲቫይስስ» በሚል ክፍል ሥር ስሙ ያልታወቀ ነገር ካለ ማንነቱን ማወቅ ይቻላል። ሁለቴ ክሊክ አድርጉ፣ «ዲቴይልስ» ግቡ፣ ከዝርዝሩ «ሃርድዌር አይዲስ»ን ምረጡ። «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ አራት ምልክት አለ። 10ኢሲ ከሆነ ሪልቴክ ነው። 14ኤፍ1 ኮኔክሳንት ነው። 8086 ኢንቴል ነው። ይኼን ከያዛችሁ ድራይቨር ስትፈልጉ አትሳሳቱም።

## ደረጃ 4፦ ሁለቱ ሰርቪሶች

ሰርቪስ ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ስታርት ላይ «ሰርቪስስ» ብላችሁ ክፈቱ። «ዊንዶውስ ኦዲዮ» እና «ዊንዶውስ ኦዲዮ ኤንድፖይንት ቢልደር» የሚሉትን ፈልጉ። ሁለቱም «ረኒንግ» እና «አውቶማቲክ» ማለት አለባቸው። ካላሉ ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ «ስታርታፕ ታይፕ»ን አውቶማቲክ አድርጉና «ስታርት» በሉ። መጀመሪያ ኤንድፖይንት ቢልደርን አስነሱ። ዊንዶውስ ኦዲዮ እሱ ካልተነሳ አይነሳም።

ራም ለመቀነስ ብላችሁ ሰርቪስ ስትዘጉ ከነበረ ድምፁ የጠፋው ከዚህ ሊሆን ይችላል።

## ደረጃ 5፦ ትክክለኛውን ድራይቨር በእጃችሁ አስገቡ

ኔት ያለበት ቦታ ሂዱ፤ ዩኒቨርሲቲ፣ መሥሪያ ቤት ወይም ጥሩ ኔትወርክ ያለበት ሰፈር። ድራይቨሩን በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልክም ማውረድ ይቻላል። የምትጠቀሙት የላፕቶፑን አምራች የራሱን ድረ ገጽ ብቻ ነው። የዴል፣ የኤችፒ ወይም የሌኖቮ የሰፖርት ገጽ ላይ ሰርቪስ ታጉን ወይም ሞዴሉን አስገቡ፤ ለእናንተ ማሽን የተዘጋጀው ዝርዝር ይመጣል።

«ድራይቨር አፕዴተር» እና «ድራይቨር ቡስተር» የሚል ስም ያላቸውን አትንኩ። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ከላይ የሚመጡት እነሱ ናቸው። ራማችሁን ከሚበሉት መካከልም ናቸው፤ ስለዚህ ቀድሞ ተጭኖ ካለ ከሴቲንግስ፣ አፕስ ውስጥ አሁኑኑ አውጡት።

የሚወርዱት እነዚህ ናቸው፦

1. ቺፕሴት ድራይቨር (የቦርዱን ክፍሎች ከዊንዶውስ ጋር የሚያስተዋውቅ)።
2. ዝርዝሩ ውስጥ ካለ «ኢንቴል ስማርት ሳውንድ ቴክኖሎጂ»። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ያለ እሱ ድምፅ አይሰጡም።
3. ኦዲዮ ድራይቨር።

ለዊንዶውስ 11 የተዘጋጀ ካጣችሁ የዊንዶውስ 10ን ውሰዱ፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ባለ 4ኛ ወይም ባለ 6ኛ ትውልድ ኢንቴል ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 11 በግድ ከተጫነ አምራቹ ለ11 ምንም አላዘጋጀለትም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ይሁን እንጂ ለድምፅ ብላችሁ 4 ጊጋ ያለውን ማሽን ወደ 11 አታሻግሩ። ድምፁም ላይስተካከል ይችላል፣ ራሙም ይጨነቃል።

ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ ገልብጡ። የወረደው መጠን ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር እኩል መሆኑን እዩ። ኔት እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ጎዶሎ ሆኖ ይቀርና ሲጫን «ኮራፕት» ይላል።

ከስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ ሌላ ነገር እወቁ። ኔቱን «ሜተርድ ኮኔክሽን» ካላችሁት ዊንዶውስ ጥቅል ለመቆጠብ ድራይቨር በራሱ አያወርድም። ጥሩ ቅንብር ነው፤ አትንኩት። ድራይቨሩን በእጅ እያመጣችሁ ስለሆነ አያስፈልጋችሁም።

## ደረጃ 6፦ አሮጌውን አውጡ፣ አዲሱን አስገቡ

1. ዋይፋይ አጥፉ፤ የኔት ገመድ ካለ ንቀሉ። ኔት ካለ ዊንዶውስ በመሐል የራሱን ድራይቨር ይጭንና ሥራውን ያደናግርባችኋል።

2. ሴቲንግስ፣ አፕስ ውስጥ «ሪልቴክ ኦዲዮ»፣ «ኮኔክሳንት» ወይም «ማክስኦዲዮ» የሚል ካለ አንኢንስቶል አድርጉ።

3. ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የድምፁን ስም ቀኝ ክሊክ አድርጉና «አንኢንስቶል ዲቫይስ» በሉ። ድራይቨሩን ጨምሮ እንዲያጠፋ የምትጠይቅ ትንሽ ሳጥን አለች። በዊንዶውስ 10 «ዲሊት ዘ ድራይቨር ሶፍትዌር» ትላለች፤ በ11 «አተምፕት ቱ ሪሙቭ ዘ ድራይቨር» ትላለች። ምልክት አድርጉባት። ይኼን የረሳ ሰው ሪስታርት ሲያደርግ ያው የተበላሸው ድራይቨር ተመልሶ ይመጣበታል።

4. ጥንቃቄ። የምታጠፉት በ«ሳውንድ፣ ቪዲዮ ኤንድ ጌም ኮንትሮለርስ» ሥር ያለውን ብቻ ነው። «ሲስተም ዲቫይስስ» ውስጥ ያሉትን የኢንቴል ስሞች አትንኩ። «ኔትወርክ አዳፕተርስ»ንም አትንኩ፤ የዋይፋይ ድራይቨር ከጠፋ ሌላ ሥራ ይመጣል።

5. ሪስታርት አድርጉ። እንደተነሳ ድምፁን ሞክሩ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዊንዶውስ ከራሱ ጎተራ «ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ» የሚባል ድራይቨር አስገብቶ ሊሆን ይችላል። ድምፁ በሱ ከሠራ፣ ኢርፎኑም ማይኩም ከሠሩ፣ በተለይ ራማችሁ 4 ጊጋ ከሆነ እንድትቆሙ እመክራለሁ። ይኼ ድራይቨር ማሳመሪያ የለውም። ከጀርባ የሚሠራ ተጨማሪ ፕሮግራምም የለውም። ድምፁ ትንሽ ቀጭን ሊሆን ይችላል፤ ራሙ ግን ነፃ ይሆናል። ለትምህርትና ለቢሮ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ወደ ደረጃ 7 እለፉ።

ካልሠራ ቀጥሉ።

6. ቺፕሴቱን ጫኑ፣ ሪስታርት። ስማርት ሳውንዱን ጫኑ፣ ሪስታርት። ኦዲዮውን ጫኑ፣ ሪስታርት። ሦስቱን አከታትሎ ጭኖ መጨረሻ ላይ አንዴ ሪስታርት ማድረግ ጊዜ ይቆጥባል ብላችሁ አታሳጥሩት። የኋለኛው የፊተኛውን ማግኘት አለበት።

### ሲጫን እንቢ ካለ

መጫኛው ተከፍቶ ወዲያው ከጠፋ ወይም «ይኼ ማሽን አይደግፈውም» ካለ ፋይሉን በእጅ ስጡት። የኤችፒ መጫኛ ሲከፈት ፋይሎቹን ሲ ድራይቭ ላይ «ኤስደብሊው ሴታፕ» በሚባል ፎልደር ይዘረግፋቸዋል። የሌኖቮው ብዙ ጊዜ «ድራይቨርስ» በሚባል ፎልደር ነው። የዴል መጫኛ ላይ «ኤክስትራክት» የሚል ቁልፍ አለ። ፎልደሩን ካገኛችሁ በኋላ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የድምፁን ስም ቀኝ ክሊክ፣ «አፕዴት ድራይቨር»፣ «ብራውዝ ማይ ኮምፒውተር» በሉና ያን ፎልደር አሳዩት።

«ቤስት ድራይቨር ኦልሬዲ ኢንስቶልድ» ካለ አትመኑት። ተመልሳችሁ «ሌት ሚ ፒክ ፍሮም ኤ ሊስት» በሉና ከዝርዝሩ ራሳችሁ ምረጡ። «ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ» ብዙ ጊዜ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ።

ከጫናችሁ በኋላ ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ሺፍት ይዛችሁ ሪስታርት በሉ። «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርታፕ ሴቲንግስ»፣ ሪስታርት፣ ከዚያ 4 ቁጥርን ተጫኑ። ሴፍ ሞድ ውስጥ ድራይቨሩን አውጡት። ሴፍ ሞድ ውስጥ ድምፅ አይሠራም። እንደዚያ ነው የተሠራው፤ አትደንግጡ። ዊንዶውስ ራሱ ካልተነሳ እዚያው «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሲስተም ሪስቶር» ብላችሁ መጀመሪያ ወደሠራችሁት መመለሻ ነጥብ ሂዱ።

ድምፁ መጥቶ የሚንሿሿ ወይም የሚቆራረጥ ከሆነ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሳውንድ ውስጥ ስፒከሩን ክፈቱና የድምፁን «ፎርማት» ወደ 16 ቢት፣ 48000 ኸርዝ ቀይሩ።

## ደረጃ 7፦ ማሳመሪያውን ዝጉና እንደገና ለኩ

ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሳውንድ፣ ስፒከርስ። «ኦዲዮ ኢንሃንስመንትስ» የሚለውን «ኦፍ» አድርጉ። በዊንዶውስ 10 በአሮጌው የሳውንድ መስኮት የስፒከሩ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ሲሆን «ዲሴብል ኦል ኢንሃንስመንትስ» ይላል።

ሪስታርት አድርጉና ደረጃ 2ን ድገሙ። ያው መዝሙር፣ ያው ግማሽ ሰዓት። ግራፍ አይሶሌሽን ባለበት ከቆመ ጨርሳችኋል።

ግራፍ አይሶሌሽን ቆሞ «ዌቭስ» ወይም «ናሂሚክ» የሚለው ብቻ መጨመሩን ከቀጠለ ሰርቪስስ ውስጥ ስሙን ፈልጉ። «ስቶፕ» በሉና «ስታርታፕ ታይፕ»ን «ዲሴብልድ» አድርጉ። ድምፁን ሞክሩ። በአንዳንድ ዴል ላይ ኢርፎን ሲሰካ ዓይነቱን የሚጠይቀው ይኼው ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ኢርፎኑ እምቢ ካለ መልሱት።

ኖን ፔጅድ ፑል አሁንም እየጨመረ ከሆነ የሚያፈሰው የድምፁ አይደለም። ቀጥሎ የምትጠረጥሩት የዋይፋይ ድራይቨሩንና ተጨማሪ አንቲቫይረሱን ነው። አንቲቫይረሱን አውጡት፤ የዊንዶውስ ዲፌንደር ይተካዋል። የዋይፋዩን ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ አውርዳችሁ በላዩ ላይ ጫኑ እንጂ አታጥፉት።

ሁሉም ሲስተካከል አፕዴት መልሶ እንዳያበላሸው ስታርት ላይ «ቼንጅ ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሴቲንግስ» ፈልጉና «ኖ» በሉ።

## ደረጃ 8፦ የቀረው ራም

ይኼ ቀላሉ ክፍል ነው። ታስክ ማኔጀር ውስጥ «ስታርታፕ»ን ክፈቱ። ላፕቶፑ ሲነሳ አብሮ መነሳት የማያስፈልገውን «ዲሴብል» በሉ፤ ቴሌግራም፣ ቲምስ፣ የማትጠቀሙበት ከሆነ ዋንድራይቭ። የአማርኛ መጻፊያችሁን ግን አትዝጉ። ፓወር ግዕዝ ወይም ኪይማን እዚያ ዝርዝር ውስጥ ካለ ይቆይ። የሚይዘው ራም ትንሽ ነው፤ ከዘጋችሁት ደግሞ ነገ ቢሮ ስትገቡ መጻፍ ያቅታችኋል።

ኤጅ ባትከፍቱትም ከጀርባ ሊሠራ ይችላል። ሴቲንግሱ ውስጥ «ሲስተም ኤንድ ፐርፎርማንስ» ግቡና «ስታርታፕ ቡስት»ን አጥፉ። ክሮም ላይ «ሜሞሪ ሴቨር»ን አብሩ።

ራም ያጸዳል የሚባል ፕሮግራም አትጫኑ። ከራም አውጥቶ ወደ ዲስክ ይገፋል፤ ከዚያ ማሽኑ መልሶ ያነበዋል። ይበልጥ ይንቀረፈፋል። «ቨርችዋል ሜሞሪ»ንም አትንኩ፤ ዊንዶውስ ራሱ ይወስነው።

ይኼ ሁሉ ተሠርቶ 4 ጊጋው ካልበቃ ራም ጨምሩ። ከመግዛታችሁ በፊት ዓይነቱን እወቁ። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 አይተካኩም፤ መሰኪያቸው ራሱ ይለያያል። አሮጌውን ነቅላችሁ ለሻጩ ብታሳዩት ከሁሉ የተሻለ ነው። ላፕቶፑን ከመክፈታችሁ በፊት ጨርሳችሁ አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ።

## ሃርድዌር መሆኑን መለየት

ድራይቨሩ ትክክል ሆኖ፣ ቢጫ ምልክት ሳይኖር፣ ድምፅ ከሌለ ይኼን ሞክሩ።

ዴል ሲነሳ ኤፍ12 ተጭናችሁ «ዲያግኖስቲክስ» ግቡ። ኤችፒ ሲነሳ ኤፍ2 ተጫኑ። ፍተሻው ያለ ዊንዶውስ ስለሚሠራ ድራይቨር አይመለከተውም። የስፒከር ፍተሻው ላይ ድምፅ ከሰማችሁ ስፒከሩ ደህና ነው። ችግሩ አሁንም ዊንዶውስ ውስጥ ስለሆነ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።

ላፕቶፑ እንዲህ ያለ ፍተሻ ከሌለው ኡቡንቱን (በዊንዶውስ ፈንታ የሚነሳ ሌላ ሲስተም) ፍላሽ ላይ አዘጋጅታችሁ «ትራይ» በሚለው ሳትጭኑት ክፈቱት። እዚያም ድምፅ ከሌለ፣ ባዮስ ውስጥም ኦዲዮ «ኢኔብልድ» ከሆነ፣ ስፒከሩ ወይም ቦርዱ ነው።

ኢርፎን ይሠራል፣ ስፒከር አይሠራም ከሆነ ስፒከሩ ወይም ገመዱ ነው፤ መቀየሩ ከባድ ሥራ አይደለም። ሁለቱም ካልሠሩ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ ግዙ። ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቀዋል። ቦርድ ከማስነካት ይኼን እመርጣለሁ።

ወደ ጥገና ቤት ከሄዳችሁ የጻፋችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሞዴሉን፣ የኮዱን ቁጥር፣ ኖን ፔጅድ ፑሉን፣ የዲያግኖስቲክሱን ውጤት። ያወረዳችሁትን ድራይቨር የያዘውን ፍላሽም ስጡትና «ፎርማት ቢደረግ እንኳ የሚጫነው ይኼ ነው» በሉት።